የአንድ ክፍል ሙዚቃ፦ ቻምበር ፖፕ ምንድን ነው? ፔንግዊን ካፌ ኦርኬስትራስ?

ዘፈን ውስጥ ቫዮሊን ሲሰማ ብዙ ሰው «ይሄ ቻምበር ፖፕ ነው» ይላል። ቫዮሊን ያለበት ዘፈን ግን ሞልቷል። የፊልም ማጀቢያው፣ የማስታወቂያው ሙዚቃ፣ ትልልቁ የፍቅር ዘፈን ሁሉ ቫዮሊን አለው። አብዛኛው ቻምበር ፖፕ አይደለም። ከዚህ ስልት ጋር ስማቸው ከሚነሳ ባንዶች አንዱ ደግሞ ዘፋኝ የለውም ማለት ይቻላል። የስልክ ጥሪ ድምፅን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ተጠቅሟል። ተራ የላስቲክ ማሰሪያንም እንዲሁ። ስሙ ፔንግዊን ካፌ ኦርኬስትራ ነው፤ የእንግሊዝ ባንድ ነው።

ቀድመን ስልቱን እንፈታዋለን። ከዚያ ባንዱ ጋር ረዘም አድርገን እንቀመጣለን። ስልቱ ምን እንደሆነ እንደ እሱ አጥርቶ የሚያሳይ ባንድ አላገኘሁም።

«ቻምበር» ማለት ምን ማለት ነው?

ክፍል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ተራ ክፍል።

ጣሊያኖች «ሙዚካ ዳ ካሜራ» ይሉት ነበር፤ የክፍል ሙዚቃ ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሙዚቃ የሚለየው በሚጫወትበት ቦታ ነበር። የቤተ ክርስቲያን አለ፣ የቲያትር አለ፣ የክፍል አለ። የክፍሉ ሙዚቃ በመኳንንት ቤት ለጥቂት እንግዳ የሚቀርብ ነው። ጥቂት ተጫዋች፣ ጥቂት አድማጭ፣ አራት ግድግዳ።

ቦታው ትንሽ ስለሆነ ሙዚቃውም በቦታው ልክ ተሰፋ። ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ አንዱን የቫዮሊን መስመር ከአስር የሚበልጥ ሰው አብሮ ይጫወተዋል። አንዱ ቢስት ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። ፊት ለፊትም ዘንግ ይዞ የሚመራ ሰው ቆሟል። በክፍል ሙዚቃ ግን አንድ መስመር የአንድ ሰው ነው። መሪ የለም። ቼሎ የሚጫወተው ሰው መቼ መጀመር እንዳለበት የሚያውቀው የቫዮሊኒስቷን ትንፋሽና ትከሻ አይቶ ነው። አራት ሰዎች እንዲህ ሲጫወቱ ቅርብ ተቀምጣችሁ ካያችሁ፣ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ትሰማላችሁ። ያቺ ትንፋሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ የመቁጠርን ሥራ ትሠራለች።

የዚህ ሙዚቃ ዋና ቡድን የክር ኳርቴት ይባላል። ኳርቴት ማለት አራት ሰው ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ቪዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅና ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ወንድሙ ነው። ቼሎ ደግሞ ተቀምጠው በጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱት ትልቁ ነው። አራቱም በደጋን ይመታሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሃይድን እጅ መልኩን ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

እንግዲህ ቻምበር ፖፕ የሁለት ነገሮች ጋብቻ ነው። ከፖፕ አጭሩንና አንዴ ሰምተው የሚያንጎራጉሩትን ዜማ ይወስዳል። ከክፍል ሙዚቃ ደግሞ «አንድ መስመር ለአንድ ሰው» የሚለውን ደንብ ይወስዳል። ስያሜው ራሱ የተለመደው በ1990ዎቹ (እዚህ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሙዚቃ ጸሐፊዎች ብዕር ነው፤ ላላ ያለ ስያሜም ነው። ሠላሳ ሰው አሰልፈው የቀረጹ አርቲስቶችም በዚህ ስም ሲጠሩ ታገኛላችሁ። እኔ ግን አንድን ሥራ ስሰማ የምጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ተጫዋች ለይቼ ልከተለው እችላለሁ? ከቻልኩ ሙዚቃው የክፍል ነው። ክሩ ከዘፋኙ ጀርባ እንደ መጋረጃ ከተዘረጋ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሌላ ነው።

አኩስቲክ ከሆነ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ነው?

አይደለም። ቻምበር ፖፕ በአብዛኛው በአኩስቲክ መሣሪያ የሚሠራ ስልት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይደናገራል።

አኩስቲክ መሣሪያ ድምፁን ራሱ ይወልዳል። ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አየር ያጎላዋል። ማይክሮፎን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተወለደውን ድምፅ ይይዛል፣ ያደርሳል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ያለ ማጉያ ሲመታ ከጎን ያለ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማውም። ሆድ የለውማ። ልዩነቱ ይሄው ነው። ስለዚህ አኩስቲክ ባንድ መድረክ ላይ ማይክ ቢደረድር፣ ስቱዲዮ ቢገባ፣ አልፎ አልፎ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ቢያስገባ ነገሩ አይፈርስም። የድምፁ እምብርት እንጨትና ክር እስከሆነ ድረስ።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። እንጨትና ክር ጉልበታቸው ውስን ነው። ቼሎ ከድራም ጋር ታግሎ አያሸንፍም። አራት ክር ያላት ትንሿ ጊታር፣ ዩኩሌሌ፣ ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ባንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ድራም ነው። ታዲያ ምቱን ማን ይያዝ? ሁሉም ይይዘዋል። ጊታሩ እየደረደረ ይይዛል። ቼሎው ደጋኑን ትቶ ክሩን በጣቱ እየነጠቀ ይይዛል። ቫዮሊኑ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሳይሰለች የሚደጋገም ሐረግ ኦስቲናቶ ይባላል። ቃሉን ያዙልኝ፤ ፔንግዊን ካፌ ጋ ስንደርስ እናገኘዋለን።

ሌላው ጣጣ መጨናነቅ ነው። የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት የሚለካው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ በመቁጠር ነው፤ መለኪያው ኸርዝ ይባላል። የቼሎ የመጨረሻው ወፍራም ክር ወደ 65 ኸርዝ ነው። የጊታር 82። የቪዮላ 131። የቫዮሊን 196። እንግዲህ እነዚህ አራቱ ሁሉም መካከለኛው ቦታ ላይ ቢሰበሰቡ ምን ይሆናል? አራት ሰው በአንድ ጊዜ ባንድ ዓይነት ድምፅ ሲያወራ የሚሆነው ይሆናል። ማን ምን እንዳለ አይለይም። ለዚህ ነው አቀናባሪ የሚያስፈልገው። ዜማው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ማን ከላይ ይሁን፣ ማን ከታች፣ ማን አሁን ዝም ይበል የሚለውን የሚወስነው ግን አቀናባሪው ነው። ጥሩ አቀናባሪ የምለው ዝም ማሰኘት የሚያውቀውን ነው።

የክር ኳርቴት ፖፕ ውስጥ እንዴት ገባ?

የሚታወቀው በር የተከፈተው በሰኔ 1965 ለንደን ውስጥ ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ «የስተርዴይ» የተባለውን ዘፈኑን በጊታር ብቻ ቀዳ። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ክር እንጨምርበት አለ። ማካርትኒ ፈራ። በዚያ ዘመን ፖፕ ውስጥ ክር ሲባል ብዙ ቫዮሊን ያለበት፣ የሚያለቃቅስና የሚጣብቅ ድምፅ ነበር የሚታሰበው። ማርቲን ታዲያ ኳርቴት ይሁን አለ። አራት ሰው ብቻ። ማካርትኒ ተስማማ፣ ግን ድምፁን አታወዛውዙት ብሎ ጠየቀ። ጣት ክር ላይ እየተወዛወዘ ድምፁን ሲያንቀጠቅጠው ቪብራቶ ይባላል፤ ሲበዛ ሙዚቃውን ስኳር ያደርገዋል። ከቢትልስ አባላት በዚያ ቅጂ ላይ የሚሰማው ማካርትኒ ብቻ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣው ግን ከዚህም ይበልጣል። ሚያዝያ 28 ቀን 1966 «ኤሌኖር ሪግቢ» ተቀዳ። አራት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎ። ጊታር የለም፣ ድራም የለም፤ አንድም የቢትልስ አባል መሣሪያ አልነካም። የድምፅ ቀራጩ ጄፍ ኤመሪክ ማይክሮፎኖቹን ክሮቹ አፍንጫ ሥር አስጠጋቸው። በጊዜው ክር የሚቀረጸው ማይኩ ከላይ ራቅ ብሎ ተሰቅሎ ነበር። ተጫዋቾቹ ደነገጡ። እንዲህ ከተጠጋ የደጋኗ ጥፋት ሁሉ ይሰማላ! ኤመሪክ በኋላ እንደተናገረው፣ ወንበራቸውን ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ያንሸራትቱ ነበር፤ ወደፊት እንዲመለሱ ይነገራቸዋል። አሁን ዘፈኑን ስትሰሙ ያን አስታውሱ። የደጋኑ ጸጉር ክሩን ሲነክስ ይሰማል። ያ ፍርሃት የወለደው ድምፅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ቻምበር ፖፕ በሙሉ ከዚያች ርቀት ተምሯል።

በዚያው 1966 አሜሪካ ውስጥ ዘ ሌፍት ባንክ የተባሉ የኒው ዮርክ ወጣቶች በሃርፕሲኮርድ፣ በክርና በዋሽንት የተሠራ አንድ ዘፈን ይዘው ወጡ። በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። ሃርፕሲኮርድ ፒያኖ ከመምጣቱ በፊት የነበረ፣ ክሩን እየነጠቀ የሚሰማ መሣሪያ ነው። ጋዜጦች «ባሮክ ሮክ» አሉት፤ ባሮክ የሃርፕሲኮርዱ ዘመን ሙዚቃ ስም ነው። በዚያው ዓመት የቢች ቦይስ ብራያን ዊልሰንም ፈረንሳይ ሆርን የተባለውን የነሐስ መለከትና አኮርዲዮንን ዘፈኖቹ ውስጥ አስገባ።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካኝ ግን የእንግሊዛዊው ዘፋኝና ጊታሪስት የኒክ ድሬክ ታሪክ ነው። በ1969 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን ሲሠራ ባለሙያ አቀናባሪ መጥቶለት ነበር። አልወደደውም። ዝምተኛና ዓይን አፋር ልጅ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ፍንክች አላለም። ካምብሪጅ አብሮት የተማረውን ጓደኛውን ሮበርት ከርቢን አስጠራ። ከርቢ ከዚያ በፊት የአልበም ቅንብር ሠርቶ አያውቅም። የሠራው ግን ዛሬም ይደመጣል። ከአልበሙ በአንዱ ዘፈን ላይ ድሬክ ጊታሩን አስቀምጦ በክር ብቻ ይዘፍናል። ድምፁና ክሩ እኩል ናቸው፤ ማንም የማንም ጀርባ አይደለም። ድሬክ በ1974 በ26 ዓመቱ ሞተ። በሕይወት ሳለ ሥራዎቹን የገዛው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ስልቱ ተዳፍኖ ቆይቶ በ1990ዎቹ ተመለሰ። ከጊታር ጩኸት የደከመ ጆሮ ነበረ መሰለኝ። በ1996 ግላስጎው ላይ ቤል ኤንድ ሴባስቲያን የተባለ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በሦስት ቀን ቀዳ፤ የአንድ ኮሌጅ የሙዚቃ ንግድ ትምህርት ክፍል ሥራ ሆኖ 1,000 ሸክላ ብቻ ታተመ። ቼሎና ትራምፔት ያለበት፣ ዘፋኙ ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው የሚዘፍንበት ሙዚቃ ነው።

ፔንግዊን ካፌ ኦርኬስትራ እንዴት ተጀመረ?

በተበላሸ ዓሣ።

ሲሞን ጄፍስ በ1949 እንግሊዝ የተወለደ ጊታሪስት ነው። ክላሲካል ጊታር ተማረ፤ ጠበበው። ሮክ ሞከረ፤ እሱም ጠበበው። በ1972 ደቡብ ፈረንሳይ ሳለ የተበላሸ ዓሣ በልቶ ታመመ። ትኩሳት ላይ ተኝቶ አንድ ቅዠት እየተመላለሰ ያስጨንቀው ጀመር። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ከፊቱ የኮንክሪት ሕንፃ ቆሟል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሰው አለ፤ እያንዳንዱን ክፍል የኤሌክትሮኒክስ ዓይን ይቃኘዋል። በአንዱ ክፍል አንድ ሰው መስተዋት ላይ አፍጥጧል። በሌላው ክፍል ጥንዶች ፍቅር በሌለበት ተቃቅፈዋል። በሦስተኛው ክፍል አንድ የሙዚቃ ደራሲ በመሣሪያ ተከቦ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ተቀምጧል። ሙዚቃ እየሰማ ነው፤ ግን ሕንፃው በሙሉ ጸጥ ብሏል።

በማግስቱ ሻል ሲለው ባሕር ዳርቻ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ድንገት አንድ ግጥም መጣለት። ተናጋሪው የፔንግዊን ካፌ ባለቤት ነው። ካፌው ውስጥ ያልታሰበ ነገር፣ ድንገቴ፣ ምክንያት የሌለው ነገር ሁሉ ቦታ አለው። ሕይወትን ሥርዓት ለማስያዝ ብለን እነዚህን ካፈንን፣ ዋናውን ነገር ገደልን ይላል ሐሳቡ።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ስለ ክፍል ስለሆነ ነው። በቅዠቱ ሁሉም በየክፍሉ ተዘግቶ አለ፤ ሙዚቃውም በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ታስሯል። ካፌው ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍል ነው፤ በሩ ክፍት፣ ሰው ከሰው የሚገናኝበት። ጄፍስ ከዚያ በኋላ በቀሩት 25 ዓመታት የጻፈው ሁሉ ለዚያ ካፌ የተጻፈ ሙዚቃ ነው።

መጀመሪያ አራት ነበሩ። ጄፍስ ጊታር፣ ሄለን ሊብማን ቼሎ፣ ጋቪን ራይት ቫዮሊን፣ ስቲቭ ናይ ኤሌክትሪክ ፒያኖ። የመጀመሪያው አልበም በ1976 በእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ በብራያን ኢኖ አሳታሚ ድርጅት ወጣ። ሽፋኑን የሳለችው ኤሚሊ ያንግ ናት፤ በኋላም በሽፋኖቻቸው ላይ ራሳቸው የፔንግዊን፣ አካላቸው የሰው የሆኑ ፍጡሮች አይጠፉም። በዚያው ዓመት ለንደን ራውንድሃውስ አዳራሽ ከጀርመኑ ክራፍትወርክ ቀድመው መድረክ ላይ ወጡ። አስቡት። ክራፍትወርክ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ የሚጫወት ባንድ ነው። ከእሱ በፊት ቼሎና ጊታር!

ጄፍስ ለሌሎችም ያቀናብር ነበር። ፓንክ በተባለው ቁጡ የሮክ ስልት የሚታወቀው የሴክስ ፒስትልስ ባንድ ሲድ ቪሸስ በ1978 «ማይ ዌይ»ን ሲዘፍን የክሩን ቅንብር የሠራው እሱ ነው። ፓንኩም የካፌው ደንበኛ ሆነ ማለት ነው።

ድምፁስ ምን ይመስላል?

በወረቀት ላይ ስታዩት የሚሆን አይመስልም። ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ቪዮላ፣ ፒያኖ፣ ዩኩሌሌ፣ ኳትሮ የሚባለው አራት ክር ያለው የቬንዙዌላ ትንሽ ጊታር፣ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ፣ ትሮምቦን፣ ሃርሞኒየም። ስትሰሙት ግን ሁሌም እዚያ የነበረ ይመስላል። ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ነው። ትንሹ ጊታር ምቱን ይደረድራል፣ ቼሎው ከታች ይረግጣል፣ ቫዮሊኑ ከላይ ዜማ ያወጣል፤ ማንም ማንንም አይገፋም።

አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው። በ1987 አልበማቸው ላይ ያለው «ፐርፔቹም ሞቢሌ» ነው፤ የማያቋርጥ እንቅስቃሴ ማለት ነው። በአንዲት የፒያኖ ሐረግ ይጀምራል። ያቺ ሐረግ ትደጋገማለች። ኦስቲናቶ ያልኩት ይኸው መጣ።

አሁን እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና በአራት በአራት ቁጠሩ። አብዛኛው ፖፕ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ አራት ጊዜ አራት፣ አስራ ስድስት። ይህኛው ሐረግ ግን 15 ነው። አንድ ምት ጎድሎታል። ጆሯችሁ አስራ ስድስተኛውን ይጠብቃል፤ ከመምጣቱ በፊት ሐረጉ ተመልሶ ከመጀመሪያው ተነስቷል። ደረጃ ስትወርዱ የመጨረሻው ደረጃ አለ ብላችሁ እግራችሁን ስትዘረጉ ቀድማችሁ መሬት እንደምትረግጡት ነው። ሙዚቃው አንድም ጊዜ ቆሞ አያርፍም፤ እያንዳንዱ መጨረሻ የሚቀጥለው መጀመሪያ ይሆናል። በዚህ ላይ ክሮቹ ተራ በተራ ይገባሉ። መቁጠር የማያውቅ ሰው ቢሰማው አንድም እንግዳ ነገር አይታየውም፤ ቆንጆ ነው ብሎ ያልፋል። ከባዱን ነገር ቀላል አድርጎ ማስቀመጥ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ስዊድናዊው አቪቺ በ2011 ይህችኑ ዜማ ወስዶ የዳንስ ዘፈን ሠራባት። ለጭፈራ እንዲመች ግን በአራት በአራት አስተካክሎ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ስልኩ ነው። ጄፍስ አንድ ቀን ስልክ ሲደውል መስመሩ ተበላሽቶ ኖሮ የጥሪው ድምፅና «መስመሩ ተይዟል» የሚለው ድምፅ አንድ ላይ ተሰሙት። ሌላ ሰው ተናዶ ይዘጋል። እሱ ግን በስልክ መልእክት መቀበያው ቀዳው። ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው ምት ሠርተው ነበር። ቅጂውን ዙሪያውን እንዲሽከረከር አድርጎ መሠረት አደረገው። የተወጠረ የላስቲክ ማሰሪያ እየነጠቀ እንደ ቤዝ ተጠቀመበት፤ ከላዩ ክሮቹ ጨፈሩበት። በ1981 አልበማቸው ላይ ነው፣ ስሙም «ስልክና ላስቲክ» ነው። በኋላ የአንድ የስልክ ኩባንያ ማስታወቂያ ማጀቢያ ሆነ። ይህን ሥራ «አኩስቲክ ነው ወይስ አይደለም» ብሎ መከራከር ይቻላል። ድንገት የመጣ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ማግኘቱ ነው ለእኔ የሚበልጥብኝ። ግጥሙ የሚለውም ይህንኑ ነው።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ በ1992 ሲሞት ደግሞ ጄፍስ ሐዘኑን በኖታ ጻፈ። በምዕራባውያን አጻጻፍ ኖታዎች በፊደል ስለሚጠሩ፣ «ኬጅ ሞተ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ኖታ ይሆናል፤ ሲ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ። ስምንቱን ይዞ ሥራ ሠራባቸው።

እንዲህ ከሆነ ለምን እንደዚህ ዓይነት ባንድ አይበዛም?

ስለሚከብድ። ሦስት ሰው ያለው የሮክ ባንድ ያገኘውን ለሦስት ይካፈላል። አስር ሰው ያለው ለአስር። የጉዞው ወጪ ደግሞ በዚያው ልክ ያድጋል። ቼሎ አውሮፕላን ላይ ብዙ ጊዜ የራሱ ወንበር ይገዛለታል።

የመድረኩ ድምፅም ራስ ምታት ነው። አኩስቲክ መሣሪያ ሆድ አለው ብያችኋለሁ። ያ ሆድ የሚሰማው ክሩን ብቻ አይደለም፤ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውንም ይሰማል። ከማጉያው የወጣው ድምፅ እንጨቱን ያንቀጠቅጠዋል፣ ማይኩ እሱን ይይዛል፣ መልሶ ወደ ማጉያው ይልካል፣ ያ ደግሞ እንጨቱን። በቅጽበት ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይመጣል። ድምፁን መቀነስ ነው መፍትሔው፤ ሲቀነስ ደግሞ ኋላ የተቀመጠው አድማጭ አይሰማም። ትንሽ አዳራሽ፣ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል። የሙዚቃው ልክ አሁንም ክፍል ነው።

ፔንግዊን ካፌም ቢሆን ከ1976 እስከ 1993 ያወጣው የስቱዲዮ አልበም 5 ብቻ ነው።

ጄፍስ ከሞተ በኋላስ?

ሲሞን ጄፍስ በአንጎል ዕጢ ታሞ በታኅሣሥ 1997 በ48 ዓመቱ አረፈ። ሙዚቃውን በአብዛኛው የሚጽፈው እሱ ስለነበር ኦርኬስትራውም አብሮ አቆመ። ከአስር ዓመት በኋላ የቀድሞ አባላቱ ለመታሰቢያው ለንደን ላይ ተሰብስበው ተጫወቱ፤ ልጁ አርተርም አብሯቸው ነበር። በ2009 አርተር አዳዲስ ሰዎች አሰባስቦ የራሱን ባንድ አቋቋመ። ስሙን ፔንግዊን ካፌ አለው፤ «ኦርኬስትራ» የሚለውን ተወው። የአባቱን ሥራዎች ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ይጫወታል። ልዩነቱን ያስቀመጠው ሆን ብሎ ይመስለኛል፣ ደስም ይለኛል፤ የአባትን ስም ሙሉ በሙሉ ሳይወርሱ ቤቱን ክፍት ማድረግ ይቻላል።

ሙዚቃው ግን ባንዱን ሳይጠብቅ ራሱ ወጥቶ ሄዷል። በ1988 ዴቪድ ቢንትሊ ከባንዱ ሥራዎች ስምንቱን ይዞ ለለንደኑ ሮያል ባሌት ስለሚጠፉ የዱር እንስሳት የሚናገር የውዝዋዜ ትርኢት ሠራባቸው።

ከሁሉ ሩቅ የሄደው ግን አንድ ሃርሞኒየም ነው። ሃርሞኒየም በእግር ወይም በእጅ አየር እየተነፋለት የሚጮህ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ነው። ባንዱ በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ ጃፓን ተጫውቶ ሲጨርስ ጄፍስ ኪዮቶ ቆየ። በአንድ ጓሮ መንገድ ሲያልፍ አንድ ሃርሞኒየም ከቆሻሻ ክምር ጋር ተጥሎ አየ። አነሳው። ያረፈበት የጓደኛው ቤት ወስዶ አስቀመጠው፤ አንዲት ፈጣን፣ የምትሽከረከር ዜማ ወጣችለት። በ1984 አልበሙ ላይ «ለተገኘ ሃርሞኒየም የተጻፈ ሙዚቃ» የሚል ስም ሰጥቶ አወጣት።

ዜማዋን የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቀኞች ሰሟት። ፓትሪክ ስትሪት የተባለው ቡድን በ1990 በቫዮሊንና በአኮርዲዮን ቀዳት። ከዚያ ተዛመተች። ዛሬ በአየርላንድ መጠጥ ቤቶች ጥግ፣ ጠረጴዛ ከበው ቫዮሊንና ዋሽንት የሚጫወቱ ሰዎች ከመቶ ዓመት ዜማዎች ጋር አያይዘው ይጫወቷታል። መሪ የለም፤ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከመሃላቸው ዜማዋን የጥንት አባቶች ዜማ አድርጎ የተማራት ሰው ጥቂት አይደለም።